አቧራ የማይነካው ጠረጴዛ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት። ቦታው ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ግቢው ትይዩ ያለ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከስቶዲያን፣ ማለትም የቤቱ ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ፣ የቫኪዩም ማሽኑን በአንድ እጄ፣ ጫማዬን በሌላው እጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ቄሱ፣ ፋዘር ኮሊን፣ ከቢሯቸው ወጡ። እግሬን አዩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ጋ ተቀዶ ነበር።

«ወለሉ እርጥብ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ ፋዘር፣ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው።»

ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ጫማ አዩ። ከዚያ በትሕትና፣ ሴፍቲ ሹዝ ማድረግ ግዴታ መሆኑን፣ የኢንሹራንስ ጉዳይ መሆኑን ነገሩኝ። እግዚአብሔርና ኢንሹራንስ መሃል ገባሁና ኢንሹራንስን መረጥኩ። ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ካልጋሪ በጽዳት ሥራ ላይ ላላችሁ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁት ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሜ ተፈራ ነው፤ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን ቴሪ ይሉኝ ነበር፤ እኔም አቤት እል ነበር።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበር። ከላይ ፋዘር ኮሊን አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዋርደን የሚባሉ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ እሁድ እሁድ ረጅም ዘንግ ይዘው ከቄሱ ፊት ይሄዳሉ። ቀጥሎ የመንበሩን ጨርቅና አበባ የሚያሰናዳ የሴቶች ማኅበር አለ፤ የእሱ አለቃ ሚስስ ኢዲት ናቸው። ከዚያ ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ፣ ከዚያ እኔ። ከእኔ በታች ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንድ ቀን አልታዘዝም ይለኝ ነበር።

ሚስስ ኢዲት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ ከተማ የሚኖሩ፣ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። ያገቡትም እዚያው ቤት፣ ልጆቻቸውን ያስጠመቁትም እዚያው ቤት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ያደረግኩትን ጫማ አይተው ምንም ሳይሉ ሄዱ፤ በማግስቱ የባላቸውን የበረዶ ቦት አምጥተው ቦይለር ክፍሉ በር ላይ አስቀመጡልኝ። ትንሽ ይሰፋኝ ነበር፤ ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግኩት። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው።

የዚያ ቤት ጠላት አቧራ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከጣሪያው እንጨት ላይ አቧራ ይራገፋል። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት የክረምት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ በረዶው ላይ የተበተነውን ጠጠርና ጨው ደቁሶ በየስንጥቁ ያስገባዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው፦ ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ በር። መጀመሪያ የመስኮት ደፍ፣ ቀጥሎ የወንበሮቹ ጀርባ፣ ቀጥሎ ወለል። ወንበሮቹ ላይ የፈሰሰ ሰም ካለ ወረቀት ጣል ታደርጉና ለብ ባለ ካውያ ትተኩሱታላችሁ፤ ሰሙን ወረቀቱ ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ በደንብ እሠራ ነበር፤ ስለ ራሴ ጥሩ የምናገረው እዚህ ጋ ብቻ ስለሆነ ታገሡኝ።

ከፊት ለፊት አጭር የእንጨት አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ የኦክ ጠረጴዛ አለ፤ ከበላዩ ሁሌ የሚበራ መብራት ተንጠልጥሏል። እኔ አዲስ አበባ ያደግኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። መንበር ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወደዚያ ካህንና ዲያቆን እንጂ የእኔ ቢጤ ባለ ሞፕ አይጠጋም። ስለዚህ ቫኪዩሜን እስከ አጥሩ እገፋና እዚያ ላይ አጠፋዋለሁ። አትግባ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሕጉን ራሴ አወጣሁ፣ ራሴ አከበርኩ።

ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ ሥራ ስገባ አንገቴን በአጥሩ ላይ አስግጌ ያንን ጠረጴዛ አየዋለሁ። እግሮቹ የወይን ሐረግ ተቀርጾባቸዋል፤ አቧራ የሚወደው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው። አንዲት ብናኝ የለችበትም። ከአጥሩ ወዲህ ያለውን እኔ ጠርጌ ሳልጨርስ አቧራው ይመለሳል፤ ከአጥሩ ወዲያ ማንም ሳይነካው ያበራል። መጀመሪያ ገረመኝ። ቀጥሎ ፈራሁ። በመጨረሻ አማተብኩ።

ለባለቤቴ ለወይንሸት ነገርኳት። ወይንሸት ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ልብስ ሱቅ ትሠራለች፤ እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ቤታችን ሲኖዶስ ነው።

«አቧራ ሃይማኖት አይለይም፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። «አንድ የሚጠርገው ሰው ይኖራል።»

«ማን? ቁልፉ እኔ ጋ ነው ያለው።»

«ላንተ ብቻ ነው ቁልፍ የተሰጠው?»

እምነት የለሽ ብያት ተኛሁ።

በጽዋ ማኅበራችን ላይ ተነስቼ መሰከርኩ። ፈረንጅ ናቸው ብላችሁ አትናቁ፣ መንበራቸውን አቧራ አይደፍረውም አልኩ። ሰዉ እልል አለ። አንዲት እናት ጥጉ ላይ ጠበቁኝና ከጨርቁ ጫፍ ትንሽ ቆርጬ እንዳመጣላቸው ለመኑኝ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም በትሕትና፣ መጠጋት እንደማይፈቀድልኝ ነገርኳቸው። ያን ሰሞን አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ከዚያ ስብሰባ በዛ። ምእመናኑ ከቤተ እምነታቸው ጋር ተጣሉ። ክርክሩን በደንብ አልተከታተልኩትም፤ ስለ ትምህርትና ስለ ሥልጣን ነው፣ ማን ማንን ያዛል፣ ጳጳሳቱ የወሰኑትን እንቀበል ወይስ አንቀበል ነው። እኔ ነገሩን የማውቀው በወንበር ነው። መጀመሪያ ፋዘር ኮሊን ወንበሩን ክብ አድርገህ ደርድርልን ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ ፊት ለፊት አድርገው አሉኝ። በኋላማ መሃሉ ላይ መተላለፊያ ተውልን ተባልኩ፤ ያኔ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ።

ድምፅ ሰጡ። አብዛኛው ሰው እንውጣ አለ፤ ሚስስ ኢዲትም እጃቸውን አወጡ። እምቢ ያሉት ጥቂቶች ሌላ ደብር ሄዱ። የሚወጡት ግን ሕንፃው የእነሱ እንዳልሆነ አወቁ። ሕንፃው፣ ኦርጋኑ፣ ዘንጉ፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ጠረጴዛው የሀገረ ስብከቱ ነው። ከሀገረ ስብከቱ አንድ ጨዋ ሰውዬ መጥቶ ከሰዎቹ ሁሉ ቁልፍ ተረከበ። ሕንፃው እስኪሸጥ ድረስ እኔ እንድጠብቀው ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ።

የመጨረሻው እሁድ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁና ሳቁብኝ። እኛ ዘንድ ታቦት ከመንበሩ ሲወጣ እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። እኔም እነዚህ ሰዎች መንበራቸውን ጥለው ይሄዳሉ ብዬ በምን ልቤ ላስብ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ትልቁን ጃንጥላ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሚባል የሌለበት ቀን ነበር።

መጀመሪያ የወጣው የሻይ ማፍያው ነው። ቀጥሎ የመዝሙር መጻሕፍት በካርቶን ወጡ። ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መጫወቻ ወጣ። ፋዘር ኮሊን ሣጥን ተሸክመው በአጠገቤ ሲያልፉ ጃንጥላውን አዩት።

«ዛሬ ዝናብ አለ ተብሏል እንዴ?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ፋዘር» አልኳቸው።

በመጨረሻ የወጡት ሚስስ ኢዲት ናቸው። አጥሩን አልፈው ገቡ፣ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፣ ቆዩ። ከዚያ ማንንም ሳያናግሩ ወጡ። ጠረጴዛው ቀረ። እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ መኪናዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማረፊያ የተገኘላቸው በወይንሸት በኩል ነው። ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ ከሱቆች ጀርባ የእሷ የአማርኛ ጉባኤ አዳራሽ አለው። ፓስተሩ ዳዊት ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። «ጋሼ ተፈራ፣ እኛ ከቀትር በፊት ጨርሰን እንወጣለን፣ ከሰዓት በኋላ እነሱ ይግቡ» አለኝ። ነገሩን ልብ በሉልኝ። ኦርቶዶክሱ እኔ፣ በጴንጤ አዳራሽ፣ ለአንግሊካን ወንበር እደረድራለሁ። ወይንሸት የዚያን ሳምንት ስትስቅ ነው የከረመችው።

ፋዘር ኮሊን በሹራብ ቀደሱ። ከፊታቸው ዘንግ ይዞ የሚሄድ የለም፤ ዋርደኖቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች የሚታጠፍ ወንበር ሲያዩ የት እንደሚቀመጡ ግራ ገባቸው። ጳጳስ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ሲባል እኔ ጆሮዬን ያመኛል፤ እነሱ ግን ለጊዜው ነው፣ ሌላ ጳጳስ እንፈልጋለን ይሉ ነበር። መንበር የተባለው ከኩሽና ያመጣሁት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ነው።

ሚስስ ኢዲት የመጀመሪያውን እሁድ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከፕላስቲኩ ጠረጴዛ አልተነሳም። ቁርባን ሲደርስ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ፋዘር ኮሊን ቤታቸው ድረስ ሄደው ለመኗቸው፤ ማንንም አልተቀየምኩም ብቻ ነው ያሏቸው። አሮጌው ቤት ተቆልፏል፣ አዲሱ ቤት አልሆናቸውም። አንድ ቀን በቤታቸው በኩል ሳልፍ ለብቻቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አየኋቸው። ቦታቸውን ያጡ መሰለኝ፤ ሰው በዚያ ዕድሜ ቦታውን ሲያጣ ብዙ አይቆይም ብዬ ፈራሁ።

እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወደ ኦግደኑ ባዶ ቤት እሄዳለሁ። ቧንቧ በረዶ እንዳይይዝ፣ ቦይለሩ እንዳይጠፋ አያለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን እንደ ልማዴ አንገቴን በአጥሩ ላይ አሰገግኩ። ክው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ አቧራ አለ። የወይን ሐረጉ ሁሉ ግራጫ ሆኗል።

የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ግልጽ ነው። ጸጋው ተነስቷል። ሰዎቹ ሲወጡ አብሯቸው ወጥቷል፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ሳላየው አልፎኛል። አዘንኩ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ፤ ሚስስ ኢዲትን ምን ብዬ እንደምመልሳቸው አገኘሁ።

በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። እኔ ሻዩን ትቼ ቆሜ ተናገርኩ።

«ሚስስ ኢዲት፣ ምስክር ልሆንዎ ነው የመጣሁት። ያንን ጠረጴዛ ማንም ሳያጸዳው ዓመታት አቧራ ነክቶት አያውቅም። እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ ግን አቧራ ያዘው። ጸጋው ከእናንተ ጋር ፋልከንሪጅ ሄዷል። እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማንም ሳያጸዳው?» አሉ።

«ማንም።»

መሳቅ ጀመሩ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። የሻዩን ጠረጴዛ ይዘው ሳቁ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፣ መጨረሻ ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ። እኔ ቆሜያለሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል።

ተነስተው የኩሽናውን መሳቢያ ከፈቱና ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ቢጫ ጨርቅ አወጡ።

«ቴሪ፣ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአጥሩ ወዲያ እንደማላጸዳ አይተው ሰነፍ ነው ብለው ለፋዘር ኮሊን ከሰሱኝ። ፋዘር ኮሊን የጫማዬን ነገር አስታውሰው፣ በእነሱ አገር ወደዚያ መግባት አይፈቀድም መሰለኝ አሏቸው። ሚስስ ኢዲትም ተዉት፣ አትንገሩት፣ እኔ እሠራዋለሁ አሉ። የእኔ ሺፍት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እሳቸው ቅዳሜ በራሳቸው ቁልፍ እየገቡ፣ በዚያ በሚያማቸው ዳሌ ተንበርክከው፣ የወይን ሐረጉን አንድ በአንድ ሲጠርጉ ኖሩ። ቅዳሜ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። አበባ ለማስቀመጥ ብቻ የሚመጡ መስሎኝ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጽዋ ማኅበሩ ትዝ አለኝ። እልልታው ትዝ አለኝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ትዝ አሉኝ። ወይንሸት ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል ሳስብ ላብ አጠመቀኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ጫማህን አውልቀህ የገባህ ሰው ነህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ሳቁን ትተው ጨርቁን ያጣጥፉ ጀመር።

«ፋልከንሪጅ ያለውን ጠረጴዛ ማን ነው የሚያጸዳው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«ትነካዋለህ?»

«ፕላስቲክ እኮ ነው፣ ሚስስ ኢዲት።»

«በምን ታጸዳዋለህ?»

«በወረቀትና በመስታወት ማጽጃ» አልኩ፤ ድምፄ እየወረደ ነበር።

የመስታወት ማጽጃውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ያንን ጠረጴዛ የምጠርገው ቅዱስ ስለሆነ አልነበረም። እሁድ ሰው ስለሚመጣ ነው።»

እሳቸው ራሳቸው ያሉትን መልሰው የሰሙት መሰለኝ፤ ጨርቁን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

«እሁድ በስንት ሰዓት ነው ወንበር የምትደረድረው?» አሉኝ በመጨረሻ።

እሁድ በመኪናዬ ወስጃቸው ገና የአማርኛው ጉባኤ ሳይበተን ደረስን። አዳራሹ እስኪለቀቅ ካፖርታቸውን አውልቀው ጠበቁ። ጠረጴዛው ላይ ልጆች ጁስ አፍስሰውበት፣ ብስኩት ደቁሰውበት ነበር። ፓስተር ዳዊት ሲያያቸው አፍሮ ሮጦ መጣ። ለእኔ በአማርኛ «ጋሼ፣ እባክዎን እንዳይነኩት ይንገሩልኝ፣ ልጆቹ አሁን ይጠርጉታል» አለ።

ተረጎምኩላቸው። ሚስስ ኢዲት ቢጫውን ጨርቅ ከቦርሳቸው አወጡ።

«ሙቅ ውሃ ብቻ አምጡልኝ በለው» አሉኝ።

ከላዩ ጀመሩ፣ ጠርዙን ያዙ፣ ቀጥሎ የብረት እግሮቹን። ወደ ታች ሲወርዱ ዳሌያቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ። ዞር ብለው አዩኝና ጨርቁን ዘረጉልኝ። እኔ የማላውቀው ፍርሃት ያዘኝ። ያ ፕላስቲክ ነው፤ ስንት ጊዜ ከኩሽና ጎትቼዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ፣ የሻይ ስኒ ደርድሬበታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ኢንሹራንስ» አሉ በበሩ የገቡት ፋዘር ኮሊን ከኋላዬ።

ጫማዬን እንዳጠለቅኩ ተንበርክኬ ጠረግኩ። የዚያን ቀን ሚስስ ኢዲት እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ ቁርባንም ተቀበሉ።

የኦግደኑ ቤት ከጊዜ በኋላ ተሸጠ፤ ቁልፌን አስረከብኩ፣ ጡረታዬን ወጣሁ። ፋልከንሪጅ ያሉት ሰዎች እስካሁን የራሳቸው ቤት የላቸውም፤ ዘንግም የላቸውም። ሚስስ ኢዲት ዳሌያቸው ብሶባቸዋል። ዓርብ ዓርብ ኮል ያደርጉልኛል፣ ጨርቁን አጠብከው ወይ ይሉኛል። ሳይታጠብም ታጥቧል እላለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ አጥበዋለሁ። እሁድ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና በጣታቸው እየጠቆሙ ያዙኛል፦ ያ ጥግ ቀርቷል፣ እዚያም ቀርቷል። ወይንሸት ከጉባኤዋ ስትወጣ በዚያ ታልፋለች፤ ሁሌም ቆም ብላ ታየናለች፣ ሁሌም አቧራ ሃይማኖት አይለይም ብላኝ ትሄዳለች። ጽዋ ማኅበሩ ላይ ግን እስካሁን እውነቱን አልነገርኩም፤ እኒያ እናት ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፣ በምን እንደተሻላቸው አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህ ነው። ንጹሕ ቦታ ካያችሁ ያጸዳው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ጠይቁ።